ለእንጦጦ ዳገት የተቃኘ ሞተር

ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ቢሮ ውስጥ አይደለም። መኪና ውስጥ ነው፣ ያውም ሞቶ። ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ሥር የተቀመጠች፣ ወፍራም መጽሐፍ የምታህል የብረት ሣጥን ነበረች። ክዳኗን ስንፈታ የክረምት ውሃ ወጣ፤ ከውሃው ኋላ ዝገት ተከተለ። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው መኪናው ሞቶበት ሲጨነቅ መካኒኩ ደስ ሲለው ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አይቼው የማላውቀው ነገር ፊቴ ሲመጣ እጄን ያሳክከኛል። ዛሬም በዚህ እርጅናዬ አልተወኝም።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነው። ቤንዚን በኩፖን፣ ከከተማ መውጣት በይለፍ ወረቀት። እኔ ሠላሳን አልፌ፣ ጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ ጋራዥ እሠራ ነበር። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ጉድጓድና ጋሼ ማለቴ ነው። ጋሼ አለቃዬ ናቸው። ሙያውን ገና በጎረምሳነታቸው ከጣሊያን መካኒኮች የለቀሙ፣ መጽሐፍ የማይወዱ፣ የካቻቪቴ ጫፍ ሞተር ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው በሽታውን የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ያስነጠሰ ሰው ወዮለት!

መኪናዋ የእትዬ ናት። እትዬ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ፣ ቤታቸው ከዚያ ሽቅብ ቁስቋም ማርያም አጠገብ ነው። ባላቸው የአንድ ፈረንጅ ሹፌር ነበሩ፤ ፈረንጁ ከአገር ሲወጣ መኪናዋን ትቶላቸው ሄደ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ስትጠጣ ከረመች። አንድ ጠዋት እትዬ የሰፈሩን ወንዶች አስተባብረው፣ ቁልቁለቱን እያንደረደሩ እኛ ደጅ አደረሷት።

«አንተ ጴንጤ!» አሉኝ ገና ከበር። እንዲህ የሚጠሩኝ ሊያበሽቁኝ ነው። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰው ቤት ተደብቀን የምንጸልይበት ጊዜ ስለነበር፣ በጠሩኝ ቁጥር ነፍሴ ውልቅ ትላለች።

«ቀስ ይበሉ እንጂ እትዬ! የቀበሌው ሰው እኮ እዚህ ነው የሚያልፈው።»

«ይለፋ! ይህቺን መኪና በሦስት ሳምንት አስነስተህ ትሰጠኛለህ።»

«ምን አስቸኮለዎት?»

ፊታቸው ተለወጠ። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፤ አግብታ መተሐራ፣ ሸንኮራ አገዳው አገር ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ እናቷ ቤት መጥታ ልትወልድ ስትሰናዳ ወባ ጣላት። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። እትዬ የደረሱት ከተቀበረ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

«አውቶቡስ ያንገላታታል ብሎ ሐኪሙ ከልክሏታል» አሉኝ። «ይህኛውን ግን እዚያ አትወልደውም። በእኔ ቤት፣ በእኔ አልጋ ነው የምትወልደው። ጎረቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፣ ጨርሻለሁ። የቀረኝ መኪና ብቻ ነው።»

በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ይባላል። ኮፈኑን ከፈትን።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሞተር የሚዞረው ቤንዚንና አየር ታምቀው ሳሉ ካንዴላ ብልጭ ሲልባቸው ስለሚነዱ ነው። ያንን ብልጭታ ለየካንዴላው በተራ የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ይባላል። ዋናው ጥያቄ ብልጭታው መቼ ይምጣ የሚለው ነው። በልኩ ከቀደመ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል። ከልኩ በላይ ከቀደመ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየመጣ ሳለ እሳቱ አናቱን ይለዋል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ከዘገየ ደግሞ መኪናው ይለግማል፣ ይግላል። በእትዬ መኪና ይህን «መቼ» የሚወስነው ያ ውሃ የጠጣው ኮምፒውተር ነበር። ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ የታዘዘውን ከማደል ሌላ ምንም አያውቅም።

ሣጥኑን በትኜ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አዩት።

«ይህን የሚጠግን ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም፤ ቢኖርም እኔ አላውቀውም። ጣለው።»

«ጋሼ፣ ይህቺ ግን ምንድናት?» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉ ጥቃቅን ነገር መሐል፣ አፏ እንደ ጡጦ ጫፍ የሾለ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ነበረች። ጫፏ ክፍት ነው፣ ቱቦ የለውም፣ ሽቦ የለውም። ወደ ባዶ አየር ተከፍታ ተቀምጣለች።

«ጆሮው ትሆናለቻ! እኔ ምን አውቃለሁ? ሥራህን ሥራ!»

ጋሼ ያሰቡት ሌላ ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የዚሁ ዓይነት ሞተር በአሮጌ መኪኖች ላይ ይገጠም ነበር፤ ያኛው ደግሞ ራሱ የሚያስብ ዲስትሪቢዩተር ነበረው። መርካቶ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያውን ምናለሽ ተራን አራት ቀን ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ከብረት ክምር ሥር፣ ቤንዚኑን ከአየር ከሚያደባልቀው ካርቡራቶር ጋር አገኘሁት። ስስመው ሻጩ እንደ እብድ አየኝ።

ይህ አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ጎኑ ላይ ክብ ቆርቆሮ ተለጥፎበታል። ውስጧ ስስ ላስቲክ አለ፤ ከሷ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ካርቡራቶሩ ላይ ይሰካል። ሞተሩ አየር ሲስብ ላስቲኩ አብሮ ይሳባል፣ ላስቲኩ ደግሞ ውስጥ ያለውን ሳህን ይጎትታል፣ ብልጭታው ይቀድማል። ጭነት ሲበዛበት መሳቡ ይደክማል፣ ሳህኑ ይመለሳል፣ ብልጭታው ይዘገያል። ይኸው ነው፤ ኤሌክትሪክ የለ፣ ምን የለ። እኔም ቱቦውን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳብኩት፤ ሳህኑ ቅጭል ብሎ ዞረ። ለቀቅኩት፣ ተመለሰ። ደግሜ ሳብኩት። አፌ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ግን ማቆም አቃተኝ። አንድ ሰው ትንፋሽን ብቻ ይዞ ይህን ሁሉ አሰበው! ማን ይሆን? ምን ሲያደርግ መጣለት?

«አንተ ሰውዬ፣ ጡት አስመሰልከውኮ!» ብለው ጋሼ ነጠቁኝ።

ገጠምነው። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። እትዬ እዚያው ቆመው ስለነበር እልልታቸውን አቀለጡት፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ ሰርግ መስሎት ዞረ።

ቀጥሎ መቃኘት ነው። ኮፈኑ ሥር ዲስትሪቢዩተሩ ስንት ላይ ይቁም የሚል ቁጥር ተለጥፎ ነበር። በቁጥሩ አደረግናት። የቁስቋምን ዳገት ስትጀምር እያቃሰተች በአንደኛ ማርሽ ቀረች። ጋሼ ሳቁ።

«ፋብሪካው ዳገታችንን መች አየውና!»

የኛ ጋራዥ ሕግ ይህ ነበር፤ የተሠራ መኪና ሁሉ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይወጣል፣ የሚፈርደው ዳገቱ ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርገን ትንሽ ወደ ፊት እናዞራለን፣ እንወጣለን። አሁንም ትንሽ፣ አሁንም እንወጣለን። ሳያንኳኳ እስከሚበረታበት ጫፍ ድረስ። ጫፉ ሲገኝ ጋሼ በሹል ብረት አንድ ጭረት ይጭራሉ፤ «የጉለሌ ልክ» ይሉታል። ሌላ ጋራዥ ቁጥር ያያል፣ እኛ ዳገት እናያለን እያልን እንኮራ ነበር። ደንበኞቻችን ደግሞ ባለታክሲዎች ናቸው፤ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ። በዚያ የኩፖን ዘመን ከከተማ የሚወጣ ማን ነበር? ኩራታችን ከከተማ ወጥቶ ተፈትኖ አያውቅም ማለት ነው።

የእትዬ መኪና በጉለሌ ልክ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። እትዬ መሪ መያዝ ስለማያውቁ የምነዳው እኔ ነኝ ተባለ። የሦስት ወር ኩፖናቸውን አጠራቅመው ነበርና የመኪናዋን ታንከርም ትልቁን ጀሪካናችንንም እዚያው ሽሮ ሜዳ ሞላን፤ የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን ማለዳ ወረድን።

ስንወርድ መኪናዋ ውሃ ሆነች። ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት። ከናዝሬት በኋላ ሙቀቱ መጣ፣ ጆሮዬ ድፍን ክፍት ይላል። መተሐራ ስንደርስ እትዬ ከእግራቸው ሥር ትንሿን ቢጫ ጀሪካን አነሱ። ከቁስቋም ማርያም ለልጃቸው የቀዱት ጸበል ነው፤ እስከ ግማሿ ሞልተው፣ ክዳኗን አጥብቀው ዘግተው ነበር ያመጧት። አሁን ጎኗ በሁለት በኩል ወደ ውስጥ ተጨራምቷል።

«አንተ! ምን አደረግካት?»

«እኔ? አልነካኋት እትዬ!»

«ጸበሉን ጠጥተሃል! ጴንጤ ሆነህ ተደብቀህ!»

ክዳኗን ሲከፍቱት ሽሽሽ ብላ አየር ሳበች፣ ጎኗም ዷ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እትዬ አማተቡ። ጸበሉ እንዳለ ነበር። እኔ ጀሪካኗን አገላብጬ አየኋት። ማን ጨመቃት? ልጠይቅ የምችለው ሰው አልነበረም፤ ጥያቄውን ይዤ ሻንጣ ወደ መጫኑ ገባሁ።

ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ሆዷ ብቻዋን ቀድማ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ባሏ ፈቃድ ስላልተሰጠው ደጅ ላይ ተሰናበታት። እጇን ይዞ አለቀቀም፣ በመጨረሻ እትዬ ናቸው ያላቀቁት። ከኋላ ወንበር በትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፣ እናቷ አጠገቧ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

ከመተሐራ ወጥተን ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልፈን ዳገቱን እንደያዝን ሰማሁት። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ጠጠር። ነዳጁን ስረግጥ ይበረታል፣ ስለቅቅ ይጠፋል። ሞተሩ እያንኳኳ ነው። እንዲህ እያንኳኳ ናዝሬት አይደርስም፤ ፒስተን ይበሳና እዚህ በረሃ ላይ ስምንት ወር ካለፋት ሴት ጋር እንቀራለን።

ጥላ የሌለበት ቦታ ቆምኩ።

«ምንድነው?» አሉ እትዬ።

«ቤንዚኑ ነው። ውሃ ተቀላቅሎበት ይሆናል።»

ዋሸሁ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው በሌላ ማላከክ ነው፤ እኔም ከዚያ አልተሻልኩም። ኮፈኑን ከፍቼ ጭንቅላቴን ከነውርደቴ ውስጡ ቀበርኩ።

አሰብኩ። ቤንዚኑ ከሽሮ ሜዳ አብሮን የወረደው ነው። ካንዴላው ያው፣ ካርቡራቶሩ ያው። ጭነት ጨምሯል፣ ልክ ነው፤ ግን በእንጦጦ ዳገት አራት ወፍራም ሰው ጭነን ፈትነናት ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ? ቦታው ብቻ። ያን ጊዜ ጀሪካኗ ትዝ አለችኝ። ውስጧ የጉለሌ አየር ነበር፤ እዚህ ስትደርስ የመተሐራ አየር ጨመቃት። እንግዲያ የመተሐራ አየር ይከብዳል፤ የጉለሌው ስስ ነው! ስስ አየር ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ብልጭታው መቅደም አለበት። ወፍራም አየር ግን ወዲያው ነው የሚያያዘው፤ ብልጭታው መዘግየት አለበት። እኔና ጋሼ መኪናዋን የቃኘናት ለእንጦጦ ነው። ስንወርድ ያላንኳኳችው ቁልቁለት ስለሆነ፣ ነዳጅ ስላልረገጥኩባት ነው። ያቺ ቱቦ የሌላት የቆርቆሮ ዕቃስ? ጆሮ አልነበረችም፣ አፍንጫ ነበረች። ኮምፒውተሩ አየሩን የሚያሸትባት!

እመኑኝ፣ በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ ደስ አለኝ። አፍሬም ደስ አለኝ።

ዲስትሪቢዩተሩን ፈትቼ ወደ ኋላ መለስኩት። ማንኳኳቱ ጠፋ። ጥቂት ስንሄድ ግን ዳገቱ እየጨመረ ሞተሩ ለገመ፣ የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። ዘግይቷል። ወርጄ ትንሽ አስቀደምኩት። ሄድን፤ እንደገና ለገመ፣ እንደገና ወረድኩ። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ እኔ ደግሞ እየወረድኩ የጣት ያህል ሳይሆን የፀጉር ያህል አዞራለሁ። ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ። ኮምፒውተሩን አውጥቼ ጥዬ፣ እኔው ኮምፒውተር ሆኜ ቁጭ አልኩ! ጣቶቼ በጋለ ብረት ተለበለቡ። እትዬ ከኋላ ቃል አይተነፍሱም። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው፣ እትዬ ዝም ሲሉ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቃል።

ደብረ ዘይት ሳንደርስ ልጅቷ «እማዬ» አለች፤ ድምፅዋ ሌላ ነበር። በመስታወቱ አየኋቸው። እትዬ ሆዷ ላይ እጃቸውን አሳርፈው እንደ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እትዬ፣ ደብረ ዘይት ሆስፒታል አለ።»

«እሷን ጠይቃት።»

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ቆየችና፣ «እማዬ ቤት» አለች። «ያኛውንም እዚያ ብወልደው ኖሮ…»

ነዳሁ። ኬላው ላይ ፈታሹ ወታደር ወረቀታችንን ሊጠይቅ መጥቶ ወደ ኋላ ወንበር ሲያይ፣ «እለፍ፣ እለፍ! ማርያም ማርያም!» ብሎ ገመዱን ራሱ ጣለልን። ስድስት ኪሎን አልፌ የሽሮ ሜዳን አቀበት ስይዝ መኪናዋ እንደገና አቃሰተች። ለመጨረሻ ጊዜ ወርጄ ዲስትሪቢዩተሩን ጭረቱ ላይ፣ የጉለሌ ልክ ላይ መለስኩት። ማርሽ አስገብቼ ረገጥኩት፤ ዳገቱን ቀጥ ብላ ወጣችው። እኔም ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ምን እያልኩ እንደሆነ ለጸሎት ቤት ጓደኞቼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ቁስቋም ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ደረስን። አዋላጇ ጎረቤት ወጥታ ልጅቷን በብብቷ ደግፋ አስገባቻት፣ በሩ ተዘጋ። እኔ ግቢው ውስጥ ከሞተሩ አጠገብ ቀረሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከውስጥ የሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይሰማል፣ መሐል ላይ የልጅቷ ጩኸት። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። እንዲህ ያለ ዝምታ ሞተር ላይ ሲያጋጥመኝ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። እዚህ ግን የምፈታው፣ የማዞረው ነገር የለኝም። ሞቶ የተወለደውን ያንን ሕፃን አስብ ነበር፤ በየዳገቱ ያባከንኳትን እያንዳንዷን ደቂቃም።

ለቅሶ መጣ። ቀጭን፣ የተቆጣ የሕፃን ለቅሶ። ከዚያ እልልታ፤ ቆጠርኩት፣ ሦስት ጊዜ። ሴት ናት። የመኪናዋን ኮፈን ተደግፌ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸው ገና እርጥብ ሆኖ ወጡ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ።

«ተያዝክ! ጴንጤው ተያዘ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ያን ጊዜ ካልነገርኳቸው መቼም አልነግራቸውም።

«እትዬ፣ ቤንዚኑ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናዋን ለዚህ ዳገት ብቻ ነው የሠራኋት። ልጅዎን መንገድ ላይ ላስቀርብዎ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ቤንዚኑ ቢሆን ኖሮ ወርደህ የምታዞረው ምን ነበር? አሥራ አንድ ጊዜ ወርደሃል፣ ቆጥሬሃለሁ። ገና የመጀመሪያው ላይ ፊትህን አይቼ ነው ያወቅኩህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

የተለበለቡ ጣቶቼን ይዘው ገለባብጠው አዩዋቸው።

«ብሰድብህ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬ» አሉ። «እጅህ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ልጄን ማን ያደርስልኛል?»

ከዚያም ከበረሃው ጀምሮ አምቀው የያዙትን ስድብ እዚያው ግቢው መሐል ላይ ቆመው አንድ ሳያስቀሩ አወረዱብኝ፤ እኔም እጄን ሳልነጥቃቸው ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።